የሰማያዊው አውራ ዘር

ፈንታነሽ ባምላኩ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት የጉርድ ፎቶ ታነሣለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከገሳይ ወዲያ ካለ ገጠር ተወልዳ፣ ስድስት ዓመት ኩዌት ሠርታ ተመለሰችና በወይዘሮ ወርቅነሽ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየች። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ምድጃና ሦስት የመስተዋት ገንዳ አለ። ገንዳዎቹ ውስጥ የሚዋኙት ዓሦች ዘራቸው ከማላዊ ሐይቅ ነው። ሲክሊድ ይባላሉ።

ኩዌት ያገለገለችበት ቤት የሳሎኑ አንድ ግድግዳ በሙሉ ዓሣ ነበር። መስተዋቱን መወልወል የእሷ ሥራ ነው። ስትወለውል ዓሦቹ ጨርቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተሉታል። በስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ ቤት ስሟን አስተካክሎ የጠራት ሰው አልነበረም። ለምን ዓሣ እንደምታረባ የሚጠይቋት ሰዎች የሚያገኙት መልስ ይኸው ብቻ ነው፤ የጨርቁን ነገር ትነግራቸዋለች።

ደብረ ታቦር ብርዳም ነው። የማላዊ ዓሣ ደግሞ ውሃው ሃያ አምስት ዲግሪ ካልደረሰ ይታመማል። ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አላት፤ መብራት ሲጠፋ ግን ማሞቂያው ከእንጨት አይሻልም። ያኔ ውሃ አሙቃ በሃይላንድ ጠርሙስ ትሞላና ገንዳው ላይ ታንሳፍፈዋለች፤ ገንዳውን ጋቢ ታለብሰዋለች። ከምድር ወገብ ወዲያ ያለ ሐይቅ ጋቢ ለብሶ ክረምቱን ያልፋል!

የእነዚህ ዓሦች አወላለድ ለማመን ያስቸግራል። ሴቷ እንቁላሏን በጣለች ቅጽበት ዞራ በአፏ ትለቅመዋለች። ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል አፏን ገጥማ ትታቀፋለች። አትበላም። ጉሮሮዋ ያብጣል፣ ከመንጋው ትለያለች፣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ጫጩቶቹ ወጥተው ከዋኙ በኋላ እንኳ የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸዋለች፤ ሁሉም ተመልሰው ይገባሉ። የጣናው ቆሮሶም የሥጋ ዘመዳቸው ነው፤ እሱም እንዲሁ ያሳድጋል። ጠብሰን ስንበላው ይህን ማን ነገረን?

ፈንታነሽ በፎቶ ማንሣት የምትፈልገው ያንን ቅጽበት ነበር፤ ጫጩቶቹ ወደ እናታቸው አፍ ሲመለሱ። እሑድ እሑድ የፎቶ ቤቱን ካሜራ ተውሳ ትመጣለች። መስተዋቱን በሎሚ ትወለውላለች፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ትጋርዳለች፣ መብራቱን ከገንዳው በላይ ትሰቅላለች። የፎቶ ቤቱ ባለቤት መልካሙ ይስቅባታል። «ቀና በል ቢሉት የማይሰማ ደንበኛ ይዘሽ!» ይላታል።

ሴቶቹ አራት ነበሩ፤ አውራው ግን አንድ ብቻ። ሰማያዊ ነበር፤ ጥቁር ሰንበር በጎኑ የወረደበት፣ ክረምት ሊወጣ ሲል እንደሚታየው ሰማይ ያለ። ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ ከአንዷ ሴት ጋር ተገናኘ። ነሐሴ ሦስት መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን ሳይመጣ ቀረና ሞተ። ፈንታነሽ አዲስ አበባ ላለው ዓሣ ሻጭ ለሲሳይ ደወለች።

«እህቴ፣» አላት፣ «ዓሣውን እኔ እልክልሻለሁ። መንገዱን ማን ይላክልሽ?»

የአዲስ አበባ መንገድ ከተዘጋ ሰንብቷል። እንግዲህ የአውራው ዘር የቀረው በዚያች ሴት አፍ ውስጥ ነው። ያም ከጠፋ ገንዳዎቹ ውስጥ የሚቀሩት ያለ ወንድ የሚያረጁ አራት ሴቶች ናቸው።

ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ሴቶቹ ታቅፈው ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ፈንታነሽ ደስ ብሏት ለግቢውም ለፎቶ ቤቱም አወራች፤ ሦስቱንም ጊዜ እናቲቱ እንቁላሏን ዋጠችው። በአራተኛው እንደ አገሯ ነፍሰ ጡሮች አደረገች፤ ለማንም አልተናገረችም። ዓይን እንዳይገባባት ብላ በመስተዋቱ ላይ ሻሽ ሰቀለች።

ነሐሴ ዘጠኝ ቀን አባቷ አቶ ባምላኩ ከገጠር መጡ። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ጀምሯቸው ለነሐሴ አሥራ አምስት የሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። በመጡ በማግሥቱ ሻሹን ገለጥ አድርገው አዩ።

«ይች ምን ሆና ነው የማትበላው?»

«ደህና ናት አባየ። ጾም ላይ ናት።»

«ፍልሰታን? ባሕረ ሐሳብ ማን አስተማራት?» አሉ አባት፤ ሳቁና ሻሹን መለሱት።

አቶ ባምላኩ ግን በአገራቸው ከብት አዋቂ ናቸው። የታመመ በሬ ሲኖር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጉሮሮው ያበጠ፣ መኖ የተወ፣ ከመንጋው ተለይቶ የሚያለከልክ ከብት ምን እንደያዘው ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አይፈልጉም። ነሐሴ አሥራ አራት ጧት ልጃቸው ሥራ ስትሄድ ወይዘሮ ወርቅነሽን ጠሩ።

«ወርቅነሽ፣ እስቲ ነይ። ይች ልጅ ዓሣዋ እየሞተችባት እሷ ፎቶ ታነሣለች።»

«ምን አገኛት?»

«ጎሮርሳ ነው። ጉሮሮዋን አታዪውም?»

«አያ ባምላኩ፣ ዓሣን ደግሞ ጎሮርሳ ይይዘዋል?»

«ጉሮሮ ያለውን ሁሉ ይይዘዋል።»

እጃቸውን ታጠቡ። ዓሣዋን በሻይ ማጥለያ አውጥተው፣ በእርጥብ መዳፋቸው ይዘው፣ በስንደዶ ጫፍ አፏን ከፈቱት። ውሃ ካለበት ሳፋ ላይ ደፋ ሲያደርጓት ከአፏ ቢጫ ሆድ ያላቸው ቀጫጭን ነገሮች ፈሰሱ።

«ትል! ትል ነው የበላት!»

እናቲቱን ወደ ገንዳዋ መለሷት። ከሳፋው አንድ ኩባያ ቀዱና ከደጅ ደፉት። የወይዘሮ ወርቅነሽ ዶሮዎች እየሮጡ መጡ። ሁለተኛውን ሊቀዱ ሲያጎነብሱ ሴትዮዋ ክንዳቸውን ያዙ።

«ይቆዩ፣ ይቆዩ አያ ባምላኩ! ትል ዓይን አለው እንዴ?»

«ዓይን የምትጠይቂው እኔን ነው?»

ወይዘሮ ወርቅነሽ ስልክ ደወሉ። ፈንታነሽ የአንድ ደንበኛ ፎቶ አቋርጣ በባጃጅ መጣች። ሳፋው ላይ ተንበርክካ ቆጠረች። አሥራ አራት ነበሩ፤ እንጥፍጣፊ የሚያህሉ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ጥቁር ዓይን ያላቸው፣ ሆዳቸው ላይ ገና ያላለቀ አስኳል የተሸከሙ። ከደጅ ዶሮዎቹ መሬቱን ይጭራሉ።

ምን እንደነበሩ ነገረቻቸው። አቶ ባምላኩ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉ።

«ብነግርዎ ይሞታሉ ብዬ ነው አባየ።»

«ሳትነግሪኝም ገደልኋቸው።»

ወደ ሲሳይ ደወለች። እናቲቱ ከእንግዲህ መልሳ እንደማትቀበላቸው ነገራት። «ግን አታልቅሽ፣» አላት። «አርቢዎችም ሆን ብለው ያወጧቸዋል። ያንቺዎቹ በሁለት በሦስት ቀን ቀደሙ፣ ያ ብቻ ነው። ንጹሕ ሙቅ ውሃ፣ ደግሞ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀስ። እናቲቱ በአፏ ታገላብጣቸው ነበር፤ ካልተገላበጡ ይበሰብሳሉ።»

ፈንታነሽ ያንኑ የሻይ ማጥለያ ገንዳው ውስጥ አንጠለጠለች፤ አሥራ አራቱን ከውስጡ አስቀመጠች፤ ከሥሩ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ አደረገች። አረፋው ወደ ላይ ሲወጣ ጫጩቶቹ በወንፊት እንደሚነፋ ጤፍ ተገላበጡ። ስምንት ሰዓት ሲሆን መብራት ጠፋ።

አረፋው ቆመ። እሷ ውሃ ልታሞቅ ምድጃውን ስትለኩስ አቶ ባምላኩ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የማጥለያውን እጀታ ይዘው ቀስ ብለው ከፍ ዝቅ ያደርጉት ጀመር፤ ከፍ፣ ዝቅ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት እስኪመጣ ድረስ ከዚያ ቦታ አልተነሡም። እጃቸው እስከ አንጓው ድረስ ውሃ አኮማትሮት ነበር።

«ነገ እኮ ቀጠሮ ነው፣ አባየ።»

«ነገም መብራት ይጠፋል። ሞራው እንደሆን የትም አይሄድብኝ።»

በማግሥቱም ጠፋ። በሦስተኛውም ቀን። ፈንታነሽ ሥራ ውላ ትመጣለች፤ አባቷን ከማጥለያው ጋር ታገኛቸዋለች። ጉልበት ያለው፣ አርባ ዓመት እርፍ የያዘ እጅ፣ ሲኒ ውስጥ በማንኪያ ከሚያማስል እጅ ይልቅ ቀስ ይላል። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ እሳቸው በአንድ እጃቸው በሉ። አምስት ጫጩቶች ሞቱ። ዘጠኙ አስኳላቸውን ጨርሰው በስድስተኛው ቀን መዋኘት ጀመሩ። ፈንታነሽ ወደ ትንሹ ገንዳ ገለበጠቻቸው።

ያን ቀን እሑድ ነበርና ካሜራው እቤት ነው። አቶ ባምላኩ ውሃው መሞቁን ሊያዩ እጃቸውን ገንዳው ውስጥ ከተቱ። ጫጩቶቹ ደነገጡ፣ ተበተኑ፤ ከዚያ ዞሩና ግማሽ በተጨበጠው መዳፍ ጨለማ ውስጥ አንድ በአንድ ገቡ። ዘጠኙም።

«ምን ላድርግ?» አሉ በሹክሹክታ።

«አይንቀሳቀሱ።»

አነሣች። ፎቶው ጥሩ አይደለም። ብርሃን አንሶታል፤ መዳፉ ደብዛዛ ነው፤ ጫጩቶቹ የአቧራ ጠቃጠቆ ይመስላሉ። መልካሙ አይቶት የበሰለ ባቄላ መስሎታል።

አቶ ባምላኩ ሌላ ቀጠሮ ለጥቅምት አስይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሞራው ከተገፈፈላቸው ወዲህ በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ ጥያቄያቸው አንድ ነው። ወይፈን አለበት ወይ? መልሱ ለብዙ ጊዜ «ገና አይለይም» ነበር። ዘጠኙም አመዳም ነበሩ። ሴትም ወንድም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁሉም ሴት ከሆኑ ደግሞ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

በጥር መጨረሻ አንድ ጧት ፈንታነሽ ጋቢውን ስትገፍፍ ሁለቱ በጎናቸው ሰማያዊ ጥላ ወጥቶባቸው አገኘች። ሥራ ሳትሄድ ደወለች።

«ሁለት ናቸው አባየ።»

በስልኩ ውስጥ ላም ስትጮህ ይሰማል።

«እንግዲያው ለዪያቸው፣» አሉ አቶ ባምላኩ። «ሁለት ወይፈን በአንድ በረት አይከርምም። ብርቱው ደካማውን ይገድለዋል።»

ሲሳይም ያንኑ ነገራት። ፈንታነሽ በማግሥቱ መስተዋት አስቆረጠችና ትልቁን ገንዳ ለሁለት ከፈለችው። በአንደኛው ወገን አንዱን አውራ ከሁለት ሴቶች ጋር፣ በሌላው ወገን ሌላውን ከሁለት ሴቶች ጋር አደረገች። አውራዎቹ ቀኑን ሙሉ በመስተዋቱ ግራና ቀኝ ክንፋቸውን ዘርግተው ይፋጠጣሉ፤ በየቀኑም ሰማያዊነታቸው እየደመቀ ይሄዳል።