በላስቲክ የታሸገው መፋቂያ

ሩቲ ከቅርጫቷ ውስጥ መፋቂያ ስታወጣ ሳይ ልቤ ቀጥ አለ...

አዎ፣ መፋቂያ። ያው የምናውቀው፣ ጫፉ ታኝኮ ጥርስ የሚፋቅበት እንጨት። ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ አገሩ እስራኤል፣ ከተማው ቤርሼባ፣ ሰፈሩ ሽኩና ሄ፣ ማትናሱ ውስጥ ነን። ማትናስ የሰፈሩ የሕዝብ አዳራሽ ነው፤ ከኢትዮጵያ ለመጣነው ለኛ ሰዎች የሚሰጠው ኮርስ ሁሉ እዚያ ነበር። ስድስት ሰባት ልጅ ወልደው ያሳደጉ ሴቶችን ሰብስበው ልጅ እንዴት እንደሚታጠብ ያስተምሯቸዋል። እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። በዚያ ሥራ ብዙ ሳቅ ውጫለሁ።

የዚያን ቀን ትምህርት «ርካሽ ንጽሕና ያለ ፕላስቲክ» የሚል ነበር። መምህርቷ ሩቲ ደግ ሴት ናት፤ ጥፋቷ ነገር ሁሉ ዛሬ ጠዋት የተገኘ ይመስላታል። «የሻምፑ ጠርሙስ ይብቃን፣ የፕላስቲክ ብሩሽ ይብቃን፣ ተፈጥሮ ሁሉን ሰጥታናለች» አለች። ተረጎምኩ። ድፍን ሳሙና አሳየች፣ ለፀጉር የሚሆን ጭቃ አሳየች፣ ከዚያ ተራው የመፋቂያው ሆነ። እያንዳንዱ መፋቂያ ለየብቻው በላስቲክ ታሽጓል። ፕላስቲክ እንቀንስ ብላ ያመጣችው ነው እንግዲህ...

«ይህ የጥንት ሕዝቦች ጥበብ ነው» አለች ሩቲ። «ሐሙስ ሐሙስ በበደዊን ዐረቦቹ ገበያ ታገኙታላችሁ፤ ከጥርስ ሳሙና ይረክሳል።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከእናቴ ጎን የተቀመጡት ጎረቤታችን እማማ ዘውዴ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እንዴ፣ ተፈቀደ?» አሉ።

ልቤ ለምን ቀጥ እንዳለ ልንገራችሁ። ከዚያ ሰባት ዓመት በፊት ይቺው ሩቲ እዚሁ አዳራሽ የጥርስ ብሩሽ አድላን ነበር። እኔ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ዕብራይስጥ ቶሎ ስለገባኝ አስተርጓሚ አደረጉኝ። እናቴ ደግሞ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከሕንፃችን ዳር ካለው ወይራ የቆረጠችውን መፋቂያ አፏ ውስጥ ታመላልሳለች። አፈርኩባት። ሩቲ «ብሩሹን ጠዋትና ማታ ተጠቀሙ» ስትል፣ እኔ «ብሩሹን ጠዋትና ማታ ተጠቀሙ፣ መፋቂያውን ግን ዛሬውኑ ጣሉ፣ ክልክል ነው ብላለች» ብዬ ተረጎምኩ።

ክልክል የምትለዋን ከራሴ ነበር የጨመርኳት። ሰፈሩ ደግሞ ከኔ ብሶ «መፋቂያ የያዘ የመንግሥት ቤት አይሰጠውም» አለ። እናቴ መፋቂያዋን ጣለች። ብሩሹ ድዷን ሲያደማው እሱንም ተወችው። ወተት የመሰለ ጥርስ የነበራት ሴት፣ በሰባት ዓመት ውስጥ የፊት ጥርሷ ሁለቱ ወለቁ። ስትስቅ በነጠላዋ መሸፈን ጀመረች። ሕግ ያከበረች መስሏት ነው እኮ። እኔም አፌን ዘግቼ ኖርኩ። ምን ብዬ ልንገራት?

እና አሁን እናቴ እጇን አውጥታ ተነሳች።

«እስቲ ጠይቂልኝ» አለችኝ። «ያኔ ጣሉ ያለችን ለምን ነበር?»

እኔ ወደ ሩቲ ዞሬ በዕብራይስጥ «እናቴ በጣም ደስ ብሏታል፣ ታመሰግንሻለች» አልኩ። አመል ያወጣል ከመሐል ይሉ የለ...

ሩቲ ፈገግ አለች። እናቴ ግን አልተቀመጠችም። ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ራሷ ወደ ሩቲ ዞረችና «ሩቲ፣ አት አማርት ሊዝሮክ?» አለቻት። ጣሉ ያልሽው አንቺ ነሽ ወይ፣ ማለቷ ነው።

ለካ እናቴ ሰባት ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ወለል ስትወለውል ዕብራይስጡንም እየለቀመች ኖራለች። ቤት ውስጥ አንድም ቀን አውርታበት አታውቅም።

ሩቲ ግራ ገባት። «እኔ? በፍጹም» አለች። «እንዲያውም ያ እንጨት ምንድን ነው ብዬ ልጅሽን ጠይቄያት ነበር። 'ምንም አይደለም፣ የምድጃ ማቀጣጠያ ነው፣ እናቴ አፏ ውስጥ ረስታው ነው' አለችኝ።»

ይህን አልተረጎምኩም። ደግሞም አላስፈለገም፤ ለካ ዕብራይስጥ የለቀመችው እናቴ ብቻ አልነበረችም።

«የምድጃ?» አሉ እማማ ዘውዴ። «ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በጋዝ ምድጃ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እናቴ አልሳቀችም። አልተቆጣችኝምም፤ እሱ ነው የባሰኝ። አንዱን መፋቂያ አነሳች፣ ላስቲኩን ቀደደች፣ አሸተተችው፣ በሁለት ጣቷ ቀጭ አድርጋ ሰበረችው። «ደርቋል» አለቻት ለሩቲ በዚያችው ዕብራይስጧ። «ይኼ ድድ ይወጋል። እርጥቡ ነው የሚቆረጠው።»

ከዚያ ሩቲን እጇን ይዛ ወደ ግቢው ወይራ ወሰደቻት። ሴቶቹም ግልብጥ ብለው ወጡ። በመስኮት አያቸዋለሁ... እናቴ ቅርንጫፍ ትመርጣለች፣ ልጣጩን ትልጣለች፣ እንዴት እንደሚታኘክ ታሳያለች፤ ሩቲ ደብተር አውጥታ ትጽፋለች። እናቴ አንድ ነገር ተናግራ ሁሉም ሳቁ፤ እሷም አፏን ሳትሸፍን ሳቀች። ምን እንዳለች እስካሁን አላውቅም። እኔ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ላስቲክ እየለቀምኩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ሐኪም ቤት ስትሄድ አስከትላኝ አታውቅም። ለምን ስላት «አንቺ ሥራ ይበዛብሻል፣ ልጄ» ትላለች።

ሥራዬ ሐኪም ቤት ማስተርጎም ነው።