ክዳን የመሰለችው ሌንስ

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ዮናስ አያት ሰፈር ካለው ቤቴ መጥቶ እንጦጦ ፓርክ ይዤሽ ልውጣ አለኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ ስለምኖር መውረዱ እንጂ ተመልሶ መውጣቱ ያስፈራኛል። ለእንጦጦ ግን እምቢ አልልም፤ ያደግኩበት ነው። ቁርሴን እስክጨርስ ከቦርሳው ሁለት አሮጌ የካሜራ ሌንሶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። በእጅ ሲዞሩ ምስሉን የሚያጠሩ፣ በእኔ ዘመን የነበሩ ዓይነት ናቸው።

“አክስቴ፣ አንቺ የድሮ ባለሙያ ነሽ። ትንሿ ኪስ ትገባለች፣ ግን ጠርዙ ላይ ብዥ ትላለች። ትልቋ በጣም ሻርፕ ናት፣ ግን አንገት ትሰብራለች። የቷን ልያዝ?”

ሁለቱንም ያዝ፣ መልሱን እዚያ እነግርሃለሁ አልኩት። ይህን ጥያቄ በወጣትነቴ መልሼ የጨረስኩት ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ቀበና ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ ፊልም ማጠብም፣ ሰው ማስቀመጥም ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ቤታችን ግን ላይ እንጦጦ ነበር። አባባ ድንችና ገብስ እያመረተ፣ በትርፍ ጊዜው የመጥረቢያና የዶማ እጀታ እየጠረበ ነው ያሳደገን። ሲጠርብ እንጨቱን በጣቱ ይዳብሳል እንጂ አያየውም፤ ዓይኑ እኛ ላይ ነው። ቀልደኛም ነበር። ሊስቅ ሲል አፉ ሳይከፈት በፊት ግራ ዓይኑ ይጨፈናል። እኔና ታላቅ እህቴ አልማዝ ያቺን ዓይን አይተን ቀልዱ ሳይነገር እንስቅ ነበር።

ካሜራ ሲያይ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የድሮ ሰው ፎቶ ሲነሳ ዳኛ ፊት የቆመ ይመስላል፤ አባባ ደግሞ ይብስበታል። ብድግ ይልና ኮቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፣ እጆቹን ከጎኑ ይለጥፋል፣ ትንፋሹንም ይይዛል።

አልማዝ ለጥር ልትዳር ነበር። ሙሽራው ጎሬ የሚያስተምር ስለሆነ ከሠርጉ በኋላ ይዟት ሊሄድ ነው፤ እንደ ዛሬ ስልክ በየኪሱ የለም፣ መንገዱም ሩቅ ነው። አባባን መቼ ደግማ እንደምታየው አታውቅም። ከእኔ የፈለገችው ስጦታ አንድ ብቻ ነበር።

“ሳቁን አንሺልኝ” አለችኝ። “ግድግዳው ላይ በፎቶ ያለውን ሰውዬ እኔ አላውቀውም።”

ለጋሽ ታደሰ ስነግራቸው ፎቶ ቤቱ ከነበሩት ሁለት ሌንሶች ትልቋን አዋሱኝ። ቤታችን ጨለማ መሆኑን ያውቃሉ፤ እሷ ብርሃን እንደ ግመል ትጠጣለች ይሉ ነበር። ያንን ድንጋይ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በጥቅምት ፀሐይ ዳገቱን ወጣሁ፤ የደረቀው የባሕር ዛፍ ቅጠል እግሬን ያንሸራትተኛል፣ አፌ ደርቋል። አባባ ሌንሷን ገና ከሩቅ ሲያያት ተነስቶ ኮቱን ቆለፈ። ፎቶው ሲታጠብ የጢሙ ፀጉር አንድ በአንድ ይለያል፤ አባባ ግን ፎቶው ውስጥ የለም።

በሚቀጥለው እሁድ ትንሿን ለመንኳቸው። ጋሽ ታደሰ በዚያ ጨለማ ይቺ ምን ታያለች፣ ብታይስ ፎቶው መች በትልቁ ይታተማል ብለው ተከራከሩኝ። ስነዘንዛቸው ሰጡኝ። በጣም ስስ ናት፤ ካሜራው ላይ ስትገጠም መኖሯ እንኳ አያስታውቅም።

ስደርስ አልማዝ ድንች ቀቅላ ከሚጥሚጣ ጋር አቅርባ ነበር። አባባ ከበሩ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ እጀታ ይጠርባል። ካሜራውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ትኩስ ድንች መላጥ ጀመርኩ። ቀና ብሎ አየው።

“ዛሬስ ክዳኑን መቼ ልትከፍቺው ነው?” አለኝ።

ክዳን የመሰለችው ሌንሷ ራሷ ነበረች። አልማዝ ሳቋን በድንች አፈነች። እኔም በልቼ ስጨርስ አልኩት።

“እንግዲያው እስከዚያ ልሥራ። አንቺ ደግሞ ከበሩ ፈቀቅ በይ፣ ብርሃኑን ከለከልሽው” አላት አልማዝን።

ፈቀቅ አለች፤ ብርሃኑም ገባ። አባባም አማቹን ማማት ጀመረ፤ አስተማሪ ዶማ ቢሰጡት እንደ ጠመኔ በሁለት ጣቱ ነው የሚይዘው አለ። ግራ ዓይኑ ተጨፈነ። የሌንሷን ቀለበት በግምት አዙሬ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩት። ቀጭ ሲል ዞር እንኳ አላለም፤ ያልሰማ መሰለኝ።

ፎቶው ጋሽ ታደሰ እንዳሉት ወጣ። ጠርዙ ጠቁሯል፣ እጁ ብዥ ብሏል። ግን አባባ ነበር። አልማዝ ይዛው ሄደች።

ከዓመታት በኋላ አባባ ሲያርፍ ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥ ትልቅ ፎቶ ተፈለገ። ትንሿ ያነሳችውን ለማሳደግ ሞከርኩ፤ ፊቱ ጉም ሆነብኝ። ጋሽ ታደሰ ልክ ነበሩ። ስለዚህ ለቀስተኛውን የተቀበለው ኮቱን የቆለፈው ሰውዬ ሆነ። አልማዝ ከጎሬ ስትደርስ እሱን አይታ አላለቀሰችም። ከጉያዋ ትንሹን ፎቶ አውጥታ አጠገቧ ላለው ሰው ሰጠች። ፎቶው ከእጅ እጅ ሲዞር ልቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ፤ በመሃሉም ሰው ይስቅ ነበር። ያን ቀን ለእኔ ጥያቄው ተመለሰ፤ ትልቋ ለድንኳን፣ ትንሿ ለጉያ።

እንጦጦ ደርሰን አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ዮናስ ትልቋን ገጥሞ ወደ እኔ አነጣጠረ። እኔ ሳላስበው የሹራቤን ቁልፍ እስከ አንገቴ ቆልፌያለሁ። ሳቀብኝና በትንሿ ቀየራት። እስኪያስተካክላት ይህንኑ ታሪክ ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ ሰማዩን አየ።

“አክስቴ፣ ከዛፉ ጥላ ትንሽ ፈቀቅ በይ። ትንሿ ብርሃን ትፈልጋለች።”

ልነሳ ብዬ ቀረሁ። አባባ እጀታ የሚጠርበው በጣቱ እየዳበሰ ነበር፤ ብርሃን አያሻውም። ታዲያ ያን ቀን ብርሃኑ ለማን ነበር? ይህን ሁሉ ዘመን ያታለልኩት እኔ ይመስለኝ ነበር።

“ምነው?” አለኝ ዮናስ።

ፈቀቅ አልኩና ፊቴን ወደ ፀሐይዋ አዞርኩ።

“ክዳኑን መቼ ልትከፍተው ነው?” አልኩት።