ለሰብለ ያላልኩት እልልታ

ካምቤል ከተማ ያለችው ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ መመላለስ የጀመርኩት ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ሳስልም ስስቅም ሽንቴ ያመልጠኛል፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ጣጣ ነው። ልጅቷ እዚሁ የተወለደች፣ እናቷ አስመራ ያደገች ናት፤ አማርኛዋን በእንግሊዝኛ እየደገፈች ታወራለች።

«እማማ፣ ጎልዎ ምንድነው? ምን መልሰው ማድረግ ይፈልጋሉ?» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

ሌላው ሰው መሮጥ ወይም የልጅ ልጅ ማንሳት ይል ይሆናል። እኔ ሳላስበው «እልል ማለት» አልኳት፤ እንባዬም አብሮ መጣ።

ሰብለ ትዝ ብላኝ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜያችን ሳን ሊያንድሮ ከተማ አንድ ክፍል ተጋርተን የኖርን፣ ከእህት የማላሳንሳት ጓደኛዬ ነበረች። እናቷ የሞቱት እሷ እዚህ እንደመጣች ነው፤ ሄዳ እንኳ አልቀበረቻቸውም። ልታገባ ስትል እጄን ይዛ፣ «እናቴ ብትኖር እልልታውን ታቀልጠው ነበር። ከቤት ስወጣ የመጀመሪያዋን አንቺ ነሽ የምትዪልኝ። ፕሮሚስ አድርጊልኝ» አለችኝ።

«ኦክላንድ በሙሉ ይሰማታል!» አልኳት። ጉራ አልነበረም። ክርስትና ቤት ስገባ ሴቶቹ ጀምሪልን እያሉ የሚገፉኝ እኔን ነበር።

እኔ ቀድሜያት አግብቼ ነበርና በዚያው ክረምት የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። ምጡ ረጅም፣ ልጁም ትልቅ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ እንደ እናት አረሱኝ፤ ቅቤ የጠገበ ገንፎ እያጎረሱ፣ «ካላጠበቅሁልሽ ሆድሽ ተዘርጥጦ ይቀራል» እያሉ በመቀነት ጥፍንግ አድርገው ያስሩኝ ነበር። ባስነጠስኩ ቁጥር መራስ የጀመርኩትም ያኔ ነው። የአሮጊት በሽታ ይመስለኝ ስለነበር ለባሌም አልተነፈስኩም።

ሰርጉ በግንቦት ሆነ። ሰብለ ፍሩትቬል ሰፈር፣ አንድ ሱቅ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይታ ነበር፤ ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ የሚጠበስ የበቆሎ ቂጣ ሽታ በመስኮቱ ይገባል። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ከሐበሻ ቀሚሴ ስር መቀነቱን ከወትሮው አጥብቄ አሰርኩ። ሆዴ ከጠበቀ ሽንቴም ይያዝልኛል ብዬ ነበር።

ሙሽራዋ ደረጃውን ወርዳ መጨረሻው ላይ ቆመች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እሷም ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ። አየር ስቤ «እል...» ከማለቴ ከታች ሙቅ ነገር ወረደ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጫንኩ። ከኋላ አንዲት ሴት እልልታውን ተቀበለችና ሁሉም ተከተሏት፤ የሰብለ ፊት ግን እንደጠቆረ ቀረ።

ከሳምንት በኋላ ደወለችልኝ።

«ምን አጠፋሁ? ጀስት ንገሪኝ።»

«ጉሮሮዬን አሞኝ ነው።»

«ድግሱ ሆል ውስጥ ከሰው ጋር ስታወሪ ነበር እኮ። ቀናሽብኝ?»

እውነቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሽንቴ አመለጠኝ ማለት ከቅናት የባሰ ውርደት መሰለኝ። ባሏ ሌላ ስቴት ሥራ አገኘና ሄዱ። መጀመሪያ ለበዓል እንደዋወል ነበር፤ በኋላ እሱም ቀረ። አምና ማረፏን ከሰው አፍ ሰማሁ፤ ቀብሯም አልፎ ነበር።

የካምቤሏ ልጅ እጄን ከጎድኔ ስር አስይዛ አስረዳችኝ። ከዳሌ በታች ፊኛንና ማህፀንን ደግፈው የያዙ ጡንቻዎች አሉ። «አየር ሲያስገቡ ሆድም እነሱም ይላላሉ። ሲያወጡ ታቹን ቀስ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡት፤ የሆድዎ የውስጥ ጡንቻ አብሮት ይገባል። ቲም ናቸው። ሆድን ብቻ ከጨመቁት ፕሬሸሩ ወደ ታች ይሄዳል።» ታቹ የላላ ከረጢት ከላይ እንደመጭመቅ መሆኑ ገባኝ። የመቀነቱን ነገር ነገርኳት።

«መቀነቱ ብቻውን አይደለም፤ ወሊዱም ጎድቶዎታል። በጣም ኮመን ነው እማማ፣ ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል፤ ይታከማል» አለችኝ።

ኮመን ነው። ይህን ቃል ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ለሰብለ ደውዬ እየሳቅን እናወራው ነበር። መዳፍ በምታክል የላላች ጡንቻ የተነሳ እህቴን አጣሁ።

ወራት ተለማመድኩ። ባለፈው ማክሰኞ፣ «እስቲ ዛሬ ይሞክሩት» አለችኝ። ታቹን ሳብኩ፣ ሆዴ ተከተለ፣ ትንፋሼን ለቀቅኩት። እልልልልታው ግድግዳውን መታ። አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

ልጅቷ አጨበጨበች። «ዋው! ሰርግ አለብዎት እንዴ?»

«ነበረብኝ» አልኳት።