የአባቴ ነጭ ሽንኩርት መደብ

ባለፈው ሳምንት ምራቴ ከጓሮ ጠራችኝ። ንፋስ መውጫ ከልጄ ቤት ከገባሁ ወዲህ በጓሮዋ ነገር ገብቼ አላውቅም፤ የአማት አፍ ሲሰበሰብ ነው ደጉ።

«እማማ፣ እስኪ ይምጡ፤ አዲሱ መደብ ይሸታል» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ አፈር አነሳሁ። እርጥብ ነው፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ይህን ሽታ አርጅቼም አልረሳሁትም።

አባቴ ሲሞት አቅመ ሔዋን ደርሼ ነበር። አገራችን ከአርብ ገበያ በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ተዝካሩ በግንቦት ወጣ፤ እናቴ ያላትን ገብስ ሁሉ ለጠላው አዋለችው። እንግዳው ሲበተን ጋኖቹ ተገለበጡ፣ የአተላው ብዛት ለጉድ ሆነ።

«ወንዝ ማዶ ለአክስትሽ ከብቶች አድርሺላት» አለችኝ።

ሁለት እንስራ አደረስኩ። በሦስተኛው ወገቤ እምቢ አለ። ከቤታችን ጀርባ ለነጭ ሽንኩርት የቆፈርኩት መደብ ነበርና የቀረውን ሁሉ እዚያ ገለበጥኩት። አፈር መለስኩበትና ማንም እንዳያይብኝ በእግሬ ጠቀጠቅኩት። መሬቱን ያፋፋዋል ብዬም ራሴን ደለልኩ።

ዘሩን አባቴ ሳይታመም መርጦ፣ አስሮ ከጣሪያው ስር የሰቀለው ነው። እናቴ አንዲት ራስ እንኳ ለወጥ አልነካችም። በእሱ እጅ የታሰረ የመጨረሻ ነገር ነበር።

ሰኔ ዝናቡ ሲጥል ሽታው ተነሳ። እናቴ ዘሩን በቁና ይዛ ወጣችና መደቡ ዳር ቆማ ቀረች።

«ተዝካሩ አልሰመረለትም» አለች። «እግዜር አልተቀበለኝም። ነፍሱ እንዴት ሆና ይሆን?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ቁናውን ተቀብያት ወደ ቤት ገባሁ።

የንስሐ አባታችን መጡ። እሳቸውም አራሽ ናቸው፤ አፈሩን በጣታቸው ፈተጉት። «አይ ልጄ፣ መሬት ሲታፈን ይሸታል። ገልብጡት፣ ውሃውን በቦይ አውጡለት፣ አመድና ደረቅ ጭድ ቀላቅሉበት» አሏት። ወዲያው ዞር ብለው እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

እናቴ መቆፈሪያውንም ያዘች፣ ሱባኤም ገባች። ሰባት ቀን ሙሉ እስከ ማታ እህል ሳትቀምስ ቆፈረች። እኔም አብሬያት ቆፈርኩ፤ ግን ጓዳ እየገባሁ ቆሎ እቆረጥም ነበር። ይኼ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሁለት ሳምንት አልፎ አፈሩ አፈር አፈር መሽተት ጀመረ። ተከልን። አረንጓዴው ጫፍ ብቅ ሲል እናቴ ተንበርክካ አለቀሰች።

«ተቀበለኝ» አለች።

እንዴት ብዬ ልንገራት? ያችን ደስታዋን ልቀማት? እስክትሞት ድረስ ያን ሱባኤ ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ፣ እኔ አቀርቅሬ እሳት እቆሰቁስ ነበር።

«ምን ጨመርሽበት?» አልኳት ምራቴን።

«አተላ ነው፣ እማማ። መድፊያው ርቆኝ እኔው ነኝ የቀበርኩት» አለች፣ እፍረት እንኳ ሳይሰማት።

ቀናሁባት መሰለኝ። አመድና ጭድ አስመጣኋትና መቆፈሪያውን ተቀብዬ አንድ ሁለት ጊዜ ገለበጥኩ። ከዚያ እጄ ዛለ።

«እስኪ ቁጭ በይ» አልኳት። «እናቴ ሰባት ቀን የጾመችው በእኔ ጦስ ነው።»

ከመደቡ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ይህን የነገርኩት ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። መስማት የነበረባት ግን ሌላ ነበረች።