ጎርፉ የሚቀለበስበት በኩል

«ጎርፍ ማቆም አይቻልም፤ መቀልበስ ነው የሚቻለው» ያለው ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ነው። ወሩ ጥር ነበር፤ ምድሩ ደርቆ የተሰነጠቀበት፣ ስለ ዝናብ የሚያስብ ሰው የሌለበት ጊዜ። እሱ ግን ስለ ዝናብ ሊያወራ መጣ። ባለፈው ክረምት ከተራራው የወረደው ውኃ በመንደራችን መካከል አልፎ ማሳና ከብት ወስዶ ስለ ነበር፣ ለሚመጣው ክረምት አስቀድሞ ይታቀድ ተባለ። መንደራችን በደባርቅና በዳባት መካከል፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ነው። ስሙን አልጠራውም።

ስብሰባው የተደረገው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ሕዝቡ በአንድ በኩል ተቀመጠ፤ እኔና እናቴ ራቅ ብለን፣ ነፋሱ ከእኛ ወደ እነሱ በማይነፍስበት በኩል። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። በአገራችን ሸክላ የሚሠራ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል፤ ጨዋ የሚባለው ያን ሥራ የማይነካው ነው። ድስቱንም እንስራውንም ከእጃችን ይገዙ ነበር፤ ከእጃችን ውኃ ግን አይጠጡም። አባቴ ስለ ሞተ ቤቱ የእሷና የእኔ ብቻ ነበር፤ እሱም ከመንደሩ ተለይቶ፣ ሸክላ አፈር ከምናወጣበት ጉድጓድ አጠገብ፣ ከተረተሩ ሥር።

ባለሙያው ወጣት ነው። በእንጨት ተራራውን መሬት ላይ ሣለና «ሪስኩ፣ አደጋው ማለቴ ነው፣ ያለው እዚህ ጋ ነው» አለ። «ከተራራው ወገብ ላይ ቦይ እንቆፍራለን። ውኃው ወደ ግራ ከተቀለበሰ በገብስ ማሳችሁ ላይ ያልፋል። ወደ ቀኝ ከሆነ በዚህ ተረተር ሥር። በቀኝ በኩል ሰው አለ?»

«ሰው የለበትም» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር።

ክፋቱ፣ አለመዋሸቱ ነው። ቢዋሽ ኖሮ ቢያንስ ዓይኑን ሰበር ያደርግ ነበር። ከተቀመጡትም አንድ ሰው እንኳ አላጉረመረመም።

ባለሙያው ቀና ብሎ አየ። «ያ ጭስ ታዲያ የምን ነው?»

«እሱማ የሸክላ ሠሪዎቹ ነው።»

እናቴ ተነሣች። «ጌቶቼ፣ እኔ ሰው ባልሆን እንኳ ቤቴ ቤት ነው። በርም ጣሪያም አለው።»

«በዓይንሽ መልሺዋ ጎርፉን» አለ አንዱ ከወንዶቹ መሀል። «ሰው የሚበላ ዓይን ለውኃ ያንሳል?»

ሳቁ። አሮጊቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ባለሙያው የሚያስቃቸው ምን እንደሆነ ዘግይቶ ገባው መሰለኝ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። «ቦዩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለእኒህ እናት ሌላ ቦታ ይሰጣቸው። ይህ የሌለበት እቅድ እቅድ አይባልም» አለ። ሊቀ መንበሩም «በደስታ» አለ።

ቦታ ይፈለግ ጀመር። ከምንጩ በላይ ሲባል ሴቶቹ ውኃችንን ልታይብን ነው አሉ። ከግጦሹ ጫፍ ሲባል ጥጃ ያላቸው ሁሉ ጮኹ። ከመንገዱ ዳር የሚለው ሐሳብ ደግሞ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፉበት ነው ተብሎ ሳይመከርበት ወደቀ። እናቴ ሄዳ በጠየቀች ቁጥር ሊቀ መንበሩ «በሂደት ላይ ነው» ይላታል። ቃሉን ከወረዳ ስብሰባ ነው ያመጣው፤ ሲናገረው ደስ ይለው ነበር።

ቁፋሮው ግን አልዘገየም። ለተፋሰስ ሥራ ከየቤቱ አንድ ሰው መውጣት ግዴታ ስለ ሆነ ከእኛም ቤት ተጠራ። እናቴ ዶማዋን አነሣች። «ለመቆፈር ጊዜ ሰው ሆንኩልሽ» አለችኝ እየሳቀች። ድርሻ የሰጧት ከቦዩ ጫፍ፣ ውኃው ወደ ቤታችን ከሚወርድበት በኩል ነው። ጠላ ሲዞር «የራስሽን ቅል ይዘሻል?» አሏት። ይዛ ነበር።

ግንቦት ላይ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። እኔ ከደጅ ቆሜ እሰማለሁ።

«አባ፣ አንቱ ቢናገሩ ይሰማሉ። ቤቴ ሊሄድብኝ ነው።»

ቄሱ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ልጄ፣ ለአንቺ ብናገር ነገ ከእጄ ጠበል የሚጠጣ አላገኝም። ጸልዪ» አሏት። መስቀሉን ሲያሳልሟት ጣታቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርገው ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ዛሬ በምኖርበት የምሥራቅ ቆላ ከተማ፣ ማንም ዘሬን በማያውቅበት ቤተ ክርስቲያን፣ መስቀል በተሳለምኩ ቁጥር የማየው የካህኑን ጣት ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በሰኔ ባለሙያው ተመልሶ መጣ። ቦዩ አልቋል፤ እኛም እዚያው ነን።

«እናቴ፣ ዝናቡ ሳይበረታ ይውጡ እንጂ።»

«ወዴት ልጄ?»

ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ። «ቦታ አልተሰጣቸውም?»

«በሂደት ላይ ነው።»

ባለሙያው የቦዩን ጥልቀት አይቶ፣ ሕዝቡን አመስግኖ ሄደ።

ሐምሌ ውስጥ፣ በጠራራ ቀን፣ በእኛ ሰማይ ጠብታ ሳይኖር ከላይ በስሜን ተራሮች በኩል ጠቆረ። መጀመሪያ የሰማነው ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ነው። እናቴ የፍየሏን ገመድ እጄ ላይ ጥላ «ውጪ» አለችኝ። ወደ ተረተሩ ስሮጥ እሷ የእመቤታችንን ሥዕል አቅፋ ከኋላዬ ነበረች።

ቦዩ ውኃውን ሰብስቦ አመጣው። በማሳው በኩል አንዲት የገብስ ቡቃያ አልተነካችም። ማዶ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ቆሟል። በበራችን የደረደርናቸው እንስራዎች ተነሡ፤ ተንሳፈፉ፤ እርስ በርሳቸው ተላትመው ደቀቁ። ግድግዳው ተንዶ ጣሪያው ለብቻው ሲሄድ «ሠራ፣ ቦዩ ሠራ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ እልል አሉ። እልልታው ለቦዩ ነው እንጂ ለእኛ ቤት አይደለም እያልኩ ለራሴ ስነግር ኖሬአለሁ። ከቆምንበት ሲሰማ ግን ልዩነት አልነበረውም።

በማግስቱ ሊቀ መንበሩ መጥቶ ከማዶ ተጣራ። «ቦታሽ ያው ያንቺው ነው። መልሰሽ ሥሪ፤ እንጨት እናዋጣለን።»

«በሚመጣው ክረምትስ ጌታዬ?»

«እስከዚያ ይታቀዳል።»

ከጎኑ የቆመች ሴት ደግሞ «ያዘዝኩሽ ድስትስ?» አለች።

«ከጎርፉ ጠይቂው» አለቻት እናቴ።

ፍየላችንን፣ የራሷ ፍየል ጠፍታባት ለነበረች አንዲት አሮጊት ሰጥተን ወደ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። አጠገባችን የተቀመጠችው የዳባት ነጋዴ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችን።

«ከየት ናችሁ?»

«ከደባርቅ» አለች እናቴ። ጭቃው ከጥፍሯ ሥር ስላልለቀቀ እጆቿን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። ነጋዴዋ ከዳቦዋ ቆርሳ ዘረጋችላት፤ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ተቀበለች። ባዳ ሰው ሲያጎርሳት ይቅርና ቆርሶ ሲሰጣት እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር።

«በዚህ ግድም ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ አሉ» አለች ነጋዴዋ። «ጎርፍ ወሰዳቸው ይባላል። እውነት ነው?»

እናቴ አፏ ውስጥ ያለውን አላምጣ እስክትውጥ ቆየች።

«እኔም ሰምቻለሁ። ወስዷቸዋል።»

«እሰይ» አለች ነጋዴዋ፤ ሌላ ቁራሽ ጨመረችላት።