ሞተሩ ይከፈት

በመኪና እሽቅድምድሙ ሜዳ ሁሉም «እትዬ ሚዛን» ይላታል። ቀጥ ባለው መንገድ ሁለት ሁለት እየሆኑ ከሚፈተለኩት መኪኖች አንድም እሷ ሳትመዝነው አይገባም። መኪናው ከነሹፌሩ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ክብደቱና የሞተሩ መጠን ተሰልቶ ምድቡ ይለያል። ትልቅ ሞተር የያዘ ቀላል መኪና ከፈጣኖቹ ጋር፣ ትንሽ ሞተር የያዘ ከባድ መኪና ከቀርፋፎቹ ጋር።

ድሮ ከባሏ ጋር ጋራዥ ነበራቸው። እሱ ይነዳል፣ እሷ ትሠራለች። የሰማያዊዋን መኪና ሞተር አውርዳ፣ ጉልበቱ እንዲጨምር ሲሊንደሩን አስፍታ፣ ፒስተኑን ቀይራ እንደ አዲስ የሠራችው እሷ ናት። ሥራው ባለቀ ሰሞን ሰውየው መኪናዋን አስነስቶ ሌላ ሴት ቤት ገባ። አላለቀሰችም። ቂሟን ዋጥ አድርጋ ጋራዡን ዘጋችና ሜዳው ላይ ተቆጣጣሪ ሆና ተቀጠረች።

አንድ ጠዋት ያቺው ሰማያዊ መኪና ሚዛኑ ላይ ወጣች። ሰውየው በትንሽ ሞተር ምድብ ከጀማሪዎች ጋር ሊወዳደር ነው።

«ሞተሩ አልተነካም?» አለችው።

«ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ምነው፣ አታምኚኝም?» ብሎ፣ እንደማታጋልጠው ተማምኖ ፈገግ አለ።

«ኧረ አምንሃለሁ። እለፍ።»

እዚያው ልታስቀረው ትችል ነበር። ግን ሰው በሌለበት ቢዋረድ ምን ይጠቅማታል? ቀኑን ሙሉ ሲያሸንፍ አየችው። ዋንጫውን ከፍ ሲያደርግና አዲሷ ሚስቱ ስታጨበጭብ፣ መፍቻዋን ይዛ መጣች።

«ሞተሩ ይከፈት!»

ፊቱ አመድ መሰለ። ጠጋ ብሎ፣ «ተይ በሞቴ፣ አንቺው እኮ ነሽ ያሰፋሽው» አላት።

«አዎ፣ እኔው ነኝ። ጮክ ብለህ ንገራቸዋ!»

ሕዝብ እያየ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አውርዳ ሲሊንደሩን ለካች፤ ለምድቡ ከተፈቀደው ሰፍቶ ተገኘ። ዋንጫው ተነጠቀ፤ ሰውየውም ከሜዳው ታገደ።

የውድድሩ ኃላፊ ቢሮው ጠራት። «ጠዋት ታውቂ ነበር?»

«አሳምሬ!»

«ታዲያ ሲሸነፉ የዋሉት ልጆች ምን በደሉሽ?»

መፍቻዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከሥራም ተሰናበተች።

ዛሬ ጋራዧን መልሳ ከፍታለች። የዚያን ቀን የተሸነፉት ሲመጡ ቀና ብላ ማየት ያሳፍራታል፤ መኪናቸውን ከሌላው አስቀድማ ትሠራለች። ስለ ሰውየው ለሚጠይቃት ግን መልሷ አንድ ነው፦ «አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል።»