ወንዳወቅ እንደገና ጀማሪ ሲሆን

የቡሬ ሰው የወንዳወቅን ሳክስፎን ሲሰማ፣ «ይህስ ከአንጀት እንጂ ከአፍ አይደለም» ይል ነበር። ወንዳወቅ ክላርኔት የተማረው በወታደር ባንድ ውስጥ ነው። ከሠራዊቱ ሲሰናበት ወደ ሳክስፎን ዞረና ባሕር ዳር ሆቴሎች ውስጥ ጃዝ ሲጫወት ዓመታት ቆየ። አንቺ ሆዬን በጃዝ እያጣመመ፣ መልሶ እያቃና ሲያወርደው፣ የቀዳውን ቢራ የሚረሳ ደንበኛ ብዙ ነበር።

አንድ ክረምት ግን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄድ የተሳፈረባት ሚኒባስ ተገለበጠች። ነፍሱ ተረፈች፤ የላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። ሐኪም ሰው ሠራሽ ጥርስ አደረገለት። ለመብላት ደኅና ነው፤ ሳክስፎኑን ሲይዝ ግን ትንፋሹ በጎን እየሾለከ እንደ ቀዳዳ ጎማ ሽው አለ። መሣሪያውን በጋቢ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተተው። ከዚያ በኋላ ስለ ሙዚቃ ሲወራ ተነሥቶ ይወጣ ጀመር።

ባለቤቱ አምለሰት ፍኖተ ሰላም ውስጥ መምህርት ናት። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ፣ «የትምህርት ቤታችን ሙዚቃ ክበብ አስተማሪ አጥቷል» አለችው።

«የማልነፋ ሰው ምን ላስተምር?»

«የረገፈው ጥርስህ ነው፤ ጆሮህ መች ረገፈ?»

በማግሥቱ ሄደ።

ከተማሪዎቹ አንዷ ራጂያ፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ክላርኔቱ እንቢ አላት። «ቲቸር፣ ከንፈሬን እንዴት ላድርገው?» አለችው። በቃል ቢያስረዳት አልገባትም። ግድ ሆነበትና ተቀብሎ ነፋ። የወጣው ጩኸት አህያ ያስበረግጋል። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ የወንዳወቅ ጆሮ በኀፍረት ጋለ። ራጂያ መልሳ ስትነፋ ግን የሷ ከሱ ባሰ። ያን ጊዜ እሱም ሳቁ አመለጠው።

«እንግዲህ ሁለታችንም ጀማሪ ነን፤ አብረን እንማር» አላት።

ሳክስፎኑን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ከሀ ጀመረ። ከፍ ያሉት ድምፆች እንደ ኮረፉ ቀሩ፤ ዝቅ ያሉት ቀስ እያሉ መጡለት፣ ድሮ የሌላቸውን ሙቀትም ይዘው መጡ። በነሱ ብቻ የሚሄድ ዜማ ደረሰና ከፍታውን ለራጂያ ክላርኔት ተወላት። የዜማውን ስም «አምለሰት» አለው።

ቡሬ ላይ በተጫወቱት ዕለት፣ የአምለሰት አጎት የቅኔ መምህሩ የኔታ ክንፈሚካኤል ከፊት ተቀምጠው ነበር። ሲያበቃ ወንዳወቅን ጠሩት።

«ልጄ፣ አምለሰት ማለት መለሰች ነው። ያዜምከው ስሟን ነው ሥራዋን?»

«የኔታ፣ ወርቁን አግኝተው ሳለ ሰሙን ይጠይቁኛል?» አላቸው እጅ ነሥቶ።

አምለሰት ይህን አልሰማችም። ከኋላ ወንበር የራጂያን እናት አቅፋ ታለቅስ ነበር።

ዛሬ ራጂያ ራሷ ቡሬ ላይ ታስተምራለች። ድምፅ እንቢ ያለው ጀማሪ ሲመጣባት ግን ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ወንዳወቅ ትልከዋለች። «ጣቱን እኔ አሳይሃለሁ፤ ትዕግሥቱን ከሳቸው ተማር» ትለዋለች።